የእግር መንገዱ የማን ነው?

መንገድ የማን ነው ብሎ መጠየቅ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። መንገድማ የሄደበት ሁሉ ነው፤ ምን ባለቤት አለው! ይባል ይሆናል። ሕግ የሚማሩ ጓደኞቻችን ግን ባለዕዳና ባለገንዘብ የሚባሉ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን በየቀኑ ይሰማሉ። እኔም መንገድ ባለዕዳና ባለገንዘብ እንዳለው በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌ የማደርገው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስሜንን ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ደባርቅ ይደርሳል። እዚያ የመግቢያ ይከፍላል፤ አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይይዛል፤ ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ይወጣል። ሳንቃበር ያድራል፤ ግጭ ያድራል፤ ጨነቅ ያድራል። በመካከሉ 3,926 ሜትር ከፍታ ካለው እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ ገደሉን ቁልቁል ያያል። ጓሳው፣ ጅብራው፣ በመንጋ ሣር የሚነጨው ጭላዳ፣ ከበታች የተዘረጋው ቆላ፣ ምኑ ተወርቶ ምኑ ይቀራል! ማየት የሚያስመኝ አገር ነው።

ታዲያ ያን መንገድ ማን ሠራው? አብዛኛውን መሐንዲስ አልቀየሰውም። ገብሱን ጭኖ ገበያ የሚወርደው ገበሬ፣ ውሃ የምትቀዳዋ ልጅ፣ ሙሽራ ያጀበው፣ አስከሬን የተሸከመው ናቸው በእግራቸው የቀየሱት። ዳገቱ የት ላይ እንደሚለዝብ፣ በዝናብ ጊዜ የትኛው ጭቃ በቅሎ እንደሚያሰምጥ የሚታወቀው በትውልድ ልምድ ነው። ጎብኚው ይህን ሁሉ እውቀት ከእግሩ ሥር አግኝቶ ይራመድበታል። ካርታው ላይ የሚያየው ግን የጎብኚ መንገድ ተብሎ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ነው። በ1978 ስሜን ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ጊዜ ገደማ፣ በ1978 እና 79፣ ከገደሉ ግርጌ የነበሩ መንደሮች በኃይል ተነሡ። በ1996 የዋልያ ቁጥር ቀነሰ፣ እርሻውና መንገዱ ፓርኩን ወረረው ተብሎ ስሜን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2016 በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር ተነሥቶ 418 አባወራ ወደ ደባርቅ ተዛወረ። በተከታዩ ዓመት በ2017 ስሜን ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዓለም አጨበጨበ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ቀላል ነው። ግን አንቸኩል። በዋልያ በኩል የሚቀርበው ክርክር ብርቱ ክርክር ነውና በሙሉ ጉልበቱ ይቅረብ። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ገበሬ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ቀበሌ ቢሄድ ይኖራል፤ ዋልያ ከዚያ ገደል ከወጣ አለቀ። አፈሩም እንደዚሁ ነው። ቀጥ ያለ ዳገት በየዓመቱ ለገብስ ሲታረስ አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል፤ ያ አፈር ደግሞ ነገ የገበሬው የራሱ ልጅ እንጀራ ነበር። እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የሰው ልጅ ሊካስ ይችላል፤ የጠፋ ፍጥረት ግን በምን ይካሳል?» ቢለን በቀላሉ የምንመልስለት አይደለም። እኔም ዋልያ ይጥፋ፣ ገደሉ ይታረስ የሚል ሐሳብ የለኝም።

ሆኖም ክርክሩ አንድ ነገር ዘልሏል። ዋልያ መትረፍ አለበት ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዋጋውን ማን ይክፈል ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን በመመለሳችን ሁለተኛውን የመለስን ይመስለናል። ከዋልያ መትረፍ የሚደሰተው ዓለም በሙሉ ነው፤ ቤቱን የፈታው ግን የግጭ ሰው ብቻ ነው። ደስታው የሁሉ፣ ዋጋው የጥቂቶች ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው ልዩነት ምን ይባላል? እኔ ዕዳ እለዋለሁ።

«በፈቃዳቸው ነው የተነሡት፤ ካሳም ተቀብለዋል» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። እንግዲህ ፈቃድ የሚለውን ቃል እንመርምረው። አንድ ሰው ማረስ እየተከለከለ፣ ግጦሹ እየተጠበበ፣ ከብቱ ባለፈ ቁጥር ሕግ እንደ ጣሰ እየተቆጠረ ዓመታት ከኖረ በኋላ፣ «ትሄዳለህ ወይስ ትቀመጣለህ?» ቢባል፣ እሄዳለሁ ማለቱ ፈቃድ ነው? አልገደደም ማለት ይቻላል፤ ማንም አንገቱን ይዞ አልጎተተውም። ነገር ግን እኔ እንደሚመስለኝ ፈቃድ ሙሉ የሚሆነው እንቢ ማለትም የሚያኖር ሲሆን ነው። እንቢ ቢል ኑሮው እዚያው ላይ የሚደርቅበት ሰው እሺታው ግማሽ እሺታ ነው። ካሳውም ቢሆን ቤቱንና ሰብሉን ይተምን ይሆናል፤ ጎረቤትን፣ የቀብር ቦታን፣ ዝናቡን በሽታው የማወቅን ጥበብ በየትኛው ሚዛን ይመዝነዋል?

ደግሞም የቀረውን ገበሬ እንይ። በቅሎ የሚያከራየው፣ ስካውት የሆነው፣ ለጎብኚ የሚያበስለው ከዚያው አካባቢ የወጣ ሰው ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ገንዘብ ይገባል። ግን ኑሮው ከምን ወደ ምን እንደ ተዛወረ ልብ በሉ። ገብስ የሚጠብቀው ዝናብን ነበር። በቅሎ የሚያከራየው ደግሞ በሩቅ አገር ያለ ሰው ጋዜጣ አንብቦ «ኢትዮጵያ ሰላም ናት» እስኪል ይጠብቃል። በ2020 ኮሮና መጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነት ተነሣ፤ በ2023 በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተከተለ። ጎብኚ ሲቀር በቅሎዋ ቆማ ትበላለች እንጂ አታበላም። ዋልያውም ቢሆን በእነዚህ ዓመታት ቁጥሩ ክፉኛ ወርዷል። እንግዲህ የግጭን ሰው ማንሣት ብቻውን ዋልያን አላዳነም ማለት ነው። ጠባቂው ሰላም ካላገኘ የሚጠበቀውም አያገኝም።

አገራችን በእንግዳ ተቀባይነቷ ትኮራለች። እንግዳ ሲመጣ እግሩን ያጥበዋል፤ መደቡን ይለቅለታል፤ ራሱ መሬት ይተኛል። ማነው ይህን የሚያደርገው? ባለቤቱ ነዋ! ለአንድ ሌሊት መደብ የለቀቀ ባለቤት ጠዋት መደቡ ይመለስለታል፤ እንግዳውም መርቆ ይሄዳል። ግጭ ላይ የሆነው ግን ባለቤቱ መደቡን ለዘለዓለም ለቅቆ፣ እንግዳው ደግሞ መደብ እንደ ተለቀቀለት እንኳ ሳያውቅ ማደሩ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይላል ተረታችን። እኛ ጎብኚዎች ደግሞ በተቃራኒው ገደሉን አይተን ሣሩን ሳናይ እንመለሳለን፤ ሣሩ የማን ግጦሽ እንደ ነበር አንጠይቅም።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ፤ ፍልስፍና ሽንት ቤትና ድንጋይ ካልደረሰ ዋጋ የለውምና። በማረፊያዎቹ ሽንት ቤት ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል፤ በጫማና በኮቴ ብዛት ተሸርሽሮ ቦይ የሆነው መንገድ በድንጋይ መደልደልና ውሃው መጠለፍ አለበት። ይህ ሁሉ ለጎብኚ ምቾት ተብሎ ይታቀዳል። እኔ ግን በእያንዳንዱ ሥራ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር እላለሁ፦ ዋጋውን የከፈለው ሰው እዚህ ላይ ቃል አለው ወይ? ማረፊያው የት ይሁን ሲባል፣ መግቢያው ስንት ይሁን፣ ገንዘቡስ ወዴት ይሂድ ሲባል፣ ደባርቅ የተቀመጠው የግጭ ሰው ይጠየቃል? እንቢ ቢልስ እንቢታው ይቆጠራል? ድንጋዩን በቀን ሞያ እንዲያነጥፍ መቅጠር ብቻውን አይበቃም። የቀን ሞያ ለቀኑ ጉልበት ነው፤ ለለቀቀው አገር አይደለም።

«እንዲህ ከተቆጠረማ የትኛው መሬት የቀድሞ ባለቤት የሌለው አለ? ዕዳው ማለቂያም የለው!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የጥንቱን ሁሉ ቆጥረን አንዘልቀውም። ግን የስሜን ባለገንዘብ የጥንት ሰው አይደለም። ብዙው በሕይወት አለ፤ ስሙ በመዝገብ ሰፍሯል፤ ጎብኚው ጓዙን በሚጭንበት በዚያው ከተማ ይኖራል። ባለገንዘቡ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ «ዕዳው የማን እንደ ሆነ አይታወቅም» ማለት ማታለል ነው።

ምጽዋትና ዕዳ እጅ ላይ ሲያርፉ አንድ ይመስላሉ፤ ያው ብር ነው። የሚለያዩት በተቀባዩ ፊት ነው። ምጽዋት የተቀበለ ያጎነብሳል፤ ዕዳው የተከፈለው ግን ቆጥሮ ይቀበላል፤ ከጎደለም ይከራከራል። ለስሜን ሰው የሚሰጠው ትምህርት ቤትም ይሁን ክሊኒክ ወይም የመግቢያ ድርሻ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ደግነት ነው የሚነገረው። እስኪ ጓደኞቼ ወደዚያ ተራራ ስንወጣ፣ አብሮን ከሚሄደው ባለበቅሎ ጋር ስንነጋገር፣ ኋላም ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ፓርክና ስለ ጎብኚ ዕቅድ ስናወጣ፣ ቆጥሮ የሚቀበል፣ ከጎደለም የሚከራከር ሰው ፊታችን እንዳለ እናስብ። ክርክሩን ለመስማት ዝግጁ ነን ወይ?