ደጅ መጥናቷን ያልተወች መበለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስለ አንዲት መበለት ያስተማረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቃለን። ዳኛው ፈሪሃ እግዚአብሔር የራቀው ሰው ነበር። እርስዋ ግን ገንዘብም ወገንም ሳይኖራት ደጁን መጥናቷን ስላልተወች በመጨረሻ ፈረደላት። ምሳሌው ሳንታክት እንድንጸልይ ያስተምረናል፤ የተበደለ ሰው ፍርድ ፍለጋ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስም ያሳየናል።

በአሜሪካ አገር ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በእንዲህ ያለ ደጅ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሴኔካ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ሴትና ወንድ እኩል ሆነው መፈጠራቸውን በሚመሰክረው ጽሑፍ ላይ 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈረሙ። የመምረጥ ጥያቄ ለብዙዎች ከልክ ያለፈ መስሎ በታየ ጊዜ፣ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ቆሞ ደገፈው። ሉክሬሺያ ሞት በ1880፣ ዳግላስ በ1895፣ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተንም በ1902 ፍጻሜውን ሳያዩ ዐረፉ። የዘሩትን ሌሎች አጨዱት።

በ1920 ሕጉ እንዲጸና የ36 ግዛቶች ስምምነት ያስፈልግ ነበር፤ ሠላሳ ስድስተኛዋ ቴነሲ ሆነች። በግዛቲቱ ምክር ቤት በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው የ24 ዓመቱ ሃሪ በርን ከተቃዋሚዎች ጋር ተሰልፎ ሳለ፣ ሕጉን እንዲደግፍ የምትመክር የእናቱ ደብዳቤ ደረሰችው። እርሱም ድምፁን ለወጠ፤ ሕጉም አለፈ።

ሆኖም የሁሉም ጩኸት አልተሰማም። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሴቶች በምርጫ ቀረጥ፣ በንባብ ፈተናና በዛቻ ሲከለከሉ ኖሩ። በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ የነበረችው ፋኒ ሉ ሄመር በ1962 ለመራጭነት ለመመዝገብ በመሄዷ ብቻ ለ18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች። በ1963 በእስር ቤት ክፉኛ ተደበደበች፤ መዝሙሯንና ጥያቄዋን ግን አልተወችም። እንቅፋቱን የሚያነሣው የምርጫ መብት ሕግ የወጣው በ1965 ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ምሳሌውን ስናነብ ራሳችንን በመበለቲቱ ቦታ ማቆም ይቀናናል። ነገር ግን እያንዳንዳችን ትንሽ የዳኝነት ወንበር አለችን። ወንድም መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ እኅት ውኃ እንድትቀዳ ብትላክ፣ ለማኅበሩ ዳቦ የጋገረች እኅት በስብሰባው ላይ ሐሳብ ለመስጠት እጅዋን ብታነሣ፣ በዚያች ሰዓት ዳኛው ማን ነው? እኛው ነን።

የወንጌሉ ዳኛ የፈረደው ስለ ሰለቸ ነው። ክርስቲያን ግን እስኪሰለች ድረስ ሊጠበቅ አይገባውም። ለሃሪ በርን አንዲት ደብዳቤ በቃችው። እኛንስ ስንት ጊዜ ደጅ ሊጠኑን ይገባል?

አምላካችን ለሚለምን ጽናትን፣ ለሚፈርድ የሚሰማ ጆሮን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።