ጥንቃቄ የእምነት ጉድለት ነውን? ራሱ የሠራውን አይሮፕላን የሚፈትን ሰው ስለሚለብሰው ልብስ

በደጋ የሚኖር ሰው ገደልን ያውቃል። በኩታበርም ሆነ በመካነ ሰላም አምባ የተወለደ ሁሉ፣ አሞራ ክንፉን ሳያወዛውዝ በገደሉ አፋፍ ላይ ሲንሳፈፍ እያየ ያደገ ነው። ይህንም አይቶ «ምነው እኔስ» ያላለ ልጅ አይገኝም። ይህ ምኞት በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ጥበብን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን ምኞት ወደ ሥራ ሲደርስ ከእርሱ ጋር አንድ ጥያቄ ይመጣል። ይኸውም፦ በገዛ እጁ አይሮፕላን ሠርቶ ሊፈትን የሚነሣ ሰው የራስ ቁር ቢደፋ፣ እሳት የማይበላው ልብስ ቢለብስ፣ ጃንጥላ ቢታጠቅ፣ በሥራው መጠራጠሩ፣ በፈጣሪውም አለመታመኑ ነውን? የሚል ነው።

ጥያቄው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ቀላል አይሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ በአዲስ አበባ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ በጠላት ወረራ ዘመንም ወደ ኢጣልያ ተወስዳ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገርዋ ተመለሰች። በዘመናችንም አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ በ570 ቀን አንዲት አይሮፕላን ሠራ፤ በ2007 ዓ.ም. ሊያስነሣት ያደረገው ሙከራ ባይሳካም፣ ትጋቱ በውጭ አገር ሳይቀር ተወራለት። ነገም ከየገጠሩ ሌላ ወጣት መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ የመከላከያው ዕቃ ምን ምን እንደ ሆነና ለምን እንደሚጠቅም እንወቅ፤ ሁሉም በየጊዜው ነውና። አይሮፕላኑ ከመሬት እንደ ተነሣ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ጃንጥላ ለመዘርጋት የሚበቃ ከፍታ የለም፤ ያን ጊዜ የሚጠቅሙት ትከሻንና ወገብን ከወንበሩ ጋር የሚያስረው ቀበቶና የራስ ቁር ናቸው። ከፍ ካለ በኋላ ክንፍ ቢሰበር ግን የሚያድነው ጃንጥላው እንጂ ቀበቶው አይደለም። ቤንዚን ፈስሶ እሳት ቢነሣ ደግሞ ልብሱ፣ የቆዳ ጓንቱና የቆዳ ጫማው ለመውጣት የሚበቃ ጥቂት ጊዜ ይሰጡታል። ቀበቶው አልፈታ ቢል መቍረጫ ቢላዋ፣ እጁ በሚደርስበትም ስፍራ የእሳት ማጥፊያ ሊኖረው ይገባል።

በደጋ አገር ይህ ሁሉ ይልቁን ያስፈልጋል። ስለ ምን ቢሉ፣ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ተራ ሞተር በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በባሕር ጠረፍ ከነበረው ኃይል ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ክንፉም አየሩን ተደግፎ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል። እንግዲህ በደጋ የሚሰናከል ሰው የሚሰናከለው በበለጠ ፍጥነት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንዳንዱ «ሥራዬን አምነዋለሁ፤ ቁር መድፋት ሥራዬን ማማት ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ጀግንነት ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ትዕቢት ነው። ፈተና የሚባለው ያልታወቀውን ለማወቅ የሚደረግ ነው። የታወቀ ቢሆንማ ፈተና ለምን አስፈለገ? ደግሞም ሠሪ ሥራውን እንደ ልጁ ይወዳል፤ ወላጅም የልጁ ነውር ቶሎ አይታየውም። ስለዚህ ቁር መድፋት «እጄ ሊሳሳት ይችላል» ብሎ አስቀድሞ መናዘዝ ነው። ይህም ሥራን መናቅ ሳይሆን ራስን ማወቅ ነው፤ ራስን ማወቅም የትሕትና መጀመሪያ ነው።

ሌላው ደግሞ «ዘመኔ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ቀኔ ከደረሰ ቁር አያድነኝም» ይላል። ለዚህ መልሱ ከቅዱስ ወንጌል ይገኛል። ዲያብሎስ ጌታን ወደ ቤተ መቅደስ ጫፍ አውጥቶ፣ መላእክት ይጠብቁሃልና ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ፣ ጌታ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት እንጂ ራሱን አልወረወረም። እንግዲህ አይሮፕላንን መፈተን ሌላ፣ እግዚአብሔርን መፈታተን ሌላ ነው። አባቶቻችንም ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው ገመዱን በእጁ ጨብጦ ሲወጣ፣ ሌላ ገመድ በወገቡ ታስሮ ከላይ ያሉት ይስቡታል። ስለ ወገቡ ገመድ እምነት ጐደለው ብሎ የነቀፈው ማን ነው? ጸሎቱም ገመዱም አብረው ይወጣሉ።

ነገር ግን ከዚህ ወደ ሌላው ጥፋት እንዳንወድቅ ያስፈልጋል። ቁር ደፍቻለሁ፣ ጃንጥላ ታጥቄአለሁ ብሎ፣ ጠባቂ ባይኖረው የማይደፍረውን የሚደፍር ሰው፣ የመከላከያውን ልብስ የጥፋት መሣሪያ አደረገው። በንፋስ ቀን ቢነሣ፣ የላላ ብሎን እያየ ቢያልፍ፣ ልብሱ ኃላፊነቱን አያነሣለትም። ዳዊትም የሳኦልን ጥሩር አውልቆ የተወው ጥሩር ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ስላልለመደው ነበር። ያልተለመደ ትጥቅ ያውካል፤ ዓይንን የሚጋርድ ቁር፣ መሪ የማያስጨብጥ ጓንት፣ በችኮላ የማይፈታ ቀበቶ ጠላት ነው። ስለዚህ ትጥቁን አስቀድሞ በምድር ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ደጋግሞ ለብሶ መልመድ፣ መግባትና መውጣትንም ዓይንን ጨፍኖ መለማመድ ይገባል። በአሜሪካ ሕግ አብራሪ የሚታጠቀው የናይለን ጃንጥላ በየ180 ቀኑ በባለሙያ ተፈትቶ እንደገና ካልታጠፈ አይታጠቅም፤ ለመታየት ብቻ የተያዘ ትጥቅ ሰውን ያታልላልና።

«ድኻ ነኝ፤ ከየት አመጣለሁ?» ለሚል መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥንቃቄ ሁሉ በገንዘብ አይገዛም። ናይለንና ፖሊስተር በእሳት ቀልጠው ከገላ ጋር ሲጣበቁ፣ ሱፍ ግን አይቀልጥም፤ እሳትም ቶሎ አይዘውም። ገላን የሚሸፍን፣ ከሰውነት ጋር የተስተካከለ የሱፍ ልብስ ከደጋ ሰው ቤት አይጠፋም። ጫፉ የሚንጠለጠል ጋቢና ነጠላ ግን በሚዞረው ፕሮፔለር አጠገብ አይለበስም። ሁለተኛው መልስ ከበድ ይላል፦ ቁርና ቀበቶ ያላገኘ ሰው እስኪያገኝ ይቈይ። 570 ቀን የሠራ ሰው 30 ቀን መጠበቅ አይሳነውም።

በመጨረሻም ነገሩ የአብራሪው ብቻ አይደለም። ሕይወቱ የእናቱም፣ የሚስቱም፣ የልጆቹም ናት፤ እርሱ ቢወድቅ ኀዘኑን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። በፈተናው ወራት ለፈተናው የማያስፈልግ ሰው በአይሮፕላኑ እንዳይሳፈር ሌሎች አገሮች በሕግ የከለከሉት ስለዚህ ነው፤ የራሱን ነፍስ የሚያስይዝ ሰው የሌላውን ሊያስይዝ አይገባውምና። በሜዳው ዳር ቆመን የምናጨበጭብም ከኃላፊነቱ አንወጣም። ወጣቱን ባዶ ራሱን ሲነሣ እያየን እልል ብንል፣ ያበረታነው መስሎን ወደ ሞት ገፋነው ማለት ነው።

ስለዚህ ካህን የሆንህ፣ የንስሓ ልጅህ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ ለበረከት ቢመጣ፣ መስቀል ከማሳለምህ በፊት «ቁርህ ወዴት አለ?» ብለህ ጠይቀው። አባት የሆንህም ስለ ክንፉ ውበት ከማመስገንህ በፊት የቀበቶውን ማሰሪያ ሳብ አድርገህ እይ። በዚህም ልጁን የምትጠብቅ እንጂ የምታስፈራ አትባልም።