ጀርባ የመስጠት መብት

ደም የማይፈስበት የኮርማ ጨዋታ የሚባለው ኮርማ ከኮርማ ወይም ሰው ከኮርማ ጋር ጉልበቱን የሚፈትሽበት፣ መጨረሻው ግን እንስሳውን መግደል ያልሆነ ጨዋታ ነው። በስፔን ማታዶሩ በሰይፍ ከሚጨርሰው ትርኢት የሚለየው በዚህ ነው። ስያሜው አንድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ደም አለመፍሰሱ ብቻውን ጨዋታውን ከበደል ነጻ ያደርገዋል ወይ?

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው ገጠር የዚህ ጨዋታ መነሻ የግጦሽ ሜዳ ነው። የሁለት መንደር ከብቶች ሲገናኙ ኮርሞቹ መጀመሪያ ይተያያሉ። አንደኛው አንገቱን ደፍቶ በፊት እግሩ አፈር እየጫረ ወደ ሻኛው ይበትናል፣ ያጓራል፣ ጎኑን አዙሮ ግዝፈቱን ያሳያል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያበቃል። ካላበቃ ቀንድ ለቀንድ ይቆላለፋሉ፤ እረኞቹም እየጮሁ ያጋግላሉ። አንዳንዴ ቀንድ ስቶ ጎን ይወጋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የደከመው ኮርማ ቀንዱን አላቅቆ ይዞራል፤ አሸናፊው ጥቂት አባሮት ይቆማል፤ ሁለቱም ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። የሽንፈት ምልክቱ ጀርባ መስጠት ነው፤ ጀርባውን የሰጠ ደግሞ ከዚያ በላይ አይጠየቅም።

ደም የጉዳት መለኪያ መሆን እንደማይችል የሚያሳየው ከዚያው ገጠር የሚገኝ ሌላ ልማድ ነው። ገበሬው ኮርማን ለእርሻ ወይም ለማድለብ ሲፈልገው ያስቀጠቅጠዋል። በባህላዊው መንገድ ኮርማው ተጥሎ ይታሰርና ወደ ቆለጡ የሚወርደው ሥር በእንጨት ወይም በድንጋይ ይቀጠቀጣል። የእንስሳት ሐኪም የሚይዘው ቡርዲዞ የተባለ መቆንጠጫም ቆዳውን ሳይቀድ ያንኑ ሥር ይጨፈልቃል። በሁለቱም ጠብታ ደም አይታይም፤ ሕመሙ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ደም የሚነግረን ተመልካቹ ያየውን ነው፤ እንስሳው የተሸከመውን አይነግረንም።

የተሻለው መለኪያ ከሜዳው ግጥሚያ ይገኛል፤ ተጋጣሚው በቃኝ ብሎ መውጣት ይችላል ወይ? ከደቡብ ወሎ ብዙ ሰው ለሥራ ከሚሄድባቸው የዐረብ አገሮች በአንዱ፣ በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች፣ በፉጃይራ ግዛት ኮርሞች በገመድ ተይዘው ይገፋፋሉ፤ አንዱ ሲሸሽ ግጥሚያው ያበቃል። ገመዱ ያገላግላል፤ ወደ ሜዳ ጎትቶ የሚያመጣቸውም እሱው ነው። በሕንድ ታሚል ናዱ በሚካሄደው ጃሊካቱ ኮርማው ከጠባብ በር ሲለቀቅ ወጣቶች ሻኛው ላይ ለመንጠልጠል ይሻማሉ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ጨዋታውን አገደ፤ በ2017 ከተነሳው ትልቅ ተቃውሞ በኋላ ክልሉ ጨዋታውን የሚፈቅድ የሕግ ማሻሻያ አወጣ፤ በ2023 ፍርድ ቤቱ የተሻሻለውን ሕግ አጸና። ከክሶቹ አንዱ ኮርማው ከበሩ እንዲወጣ ጅራቱ ይጠመዘዛል የሚል ነበር። ማንም ሳይገድለው፣ መውጣትም መቅረትም በእሱ ፈቃድ አልነበረም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ከከብት ጋር ከተያያዙ ሥርዓቶች ተጓዥን በብዛት የሚስበው በደቡብ ኦሞ፣ በቱርሚና በዲመካ አካባቢ፣ የሚካሄደው የሐመር የከብት ዝላይ ነው። ከብቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በቀንድና በጅራት ይያዛሉ፤ ወጣቱ ራቁቱን በጀርባቸው ላይ እየሮጠ ደጋግሞ ይሻገራል፤ ሲሳካለት ለትዳር ይበቃል። ከብቶቹ አይደሙም። የሚደማው የወጣቱ ሴት ዘመዶች ጀርባ ነው። ማዝ የሚባሉት፣ ዘለው ገና ያላገቡ ወንዶች፣ በቀጭን አርጩሜ ይገርፏቸዋል። ግርፊያውን የሚጠይቁት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጠባሳው ዘላዩ በችግራቸው ቀን እንዲደርስላቸው የሚያስታውስ ቃል ኪዳን ነው። ደም በመፍሰሱ ብቻ ሥርዓቱን መኮነን፣ ባለመፍሰሱ ሌላውን እንደማጽደቅ ችኮላ ነው። እዚህም የሚጠየቀው ያው ነው፤ ግረፈኝ ማለት የቻለች እህት ሳትገረፍ መቅረትስ ትችላለች ወይ?

ተጓዡ በዚህ መሐል የሚገባው በገንዘቡ ነው። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ተሳፍሮ በአዲስ አበባ በኩል ጂንካ የወረደ ሰው ያገሩ ሰው ቢሆንም በሐመር ደጅ እንግዳ ነው። ሥርዓቱ የራሱ ማብቂያ አለው፤ ወጣቱ ሲሻገር ያበቃል። ለተመልካች የሚቀርብ ትርኢት ግን ማብቂያው የተመልካቹ እርካታ ይሆናል። ወደ ወሎ ብንመለስ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የቦርከና ሜዳ አንድ መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ለእረኞቹ ብር ቢሰጥና «አንድ ጊዜ ድገሙልኝ» ቢል፣ ጀርባውን የሰጠው ኮርማ በዱላ ተመልሶ ባላጋራው ፊት ይቆማል። አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሰም፤ ጨዋታው ግን ተለውጧል፤ ኮርማው የነበረችው አንዲት መብት ተሽጣለች።

በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል በሬው አራጁን ስለማያውቅ ነው። ተጓዡ ግን ያውቃል፤ ከሜዳው ማንም ሳይከለክለው መውጣት የሚችለውም እሱ ነው። ስለዚህ ደም የማይፈስበት ጨዋታ ከበደል የሚጸዳው ተመልካቹ ለራሱ ያለውን ይህን መብት ለሚያየው ፍጡርም ሲተውለት ነው፤ የተሸነፈው ዞሮ ሲሄድ፣ እሱም ዞሮ ሲሄድ።