በጡት ያለውና በማኅፀን ያለው

አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ገና እያጠባች ሳለች ዳግመኛ እንደ ፀነሰች በታወቀ ጊዜ በቤቷ ውስጥ ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄውን የምታነሣው ብዙውን ጊዜ እርሷ አይደለችም፤ አማቷና ጎረቤቶቿ ናቸው። «ልጄ፥ ይህ ልጅ እስከ መቼ ይጠባል? ለሚመጣውስ ምን ሊተርፈው ነው?» ይሏታል። ሌላዪቱም ለሕፃኑ በማሰብ «ጽንስ ያለበት ወተት ሆድ ያበላሻል፤ ተይ አታጥቢው» ትላለች። በዚያው ሰሞን እሬት ይፈለጋል፤ ጡቱም ይቀባል። ሕፃኑ ትናንት ጣፋጭ የነበረው ነገር ዛሬ ስለ ምን እንደ መረረ የሚነግረው ሰው ሳያገኝ ያለቅሳል።

ይህ የጓዳ ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ ይመስላል። ሆኖም በውስጡ የፍርድ ነገር አለበት። አስቀድሞ የመጣ ሰው ገና ላልመጣው ስፍራ ይለቅ ዘንድ ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ በምን ዓይነት መንገድ ይልቀቅ? ደግሞም ስለ ሁለቱ ልጆች ሲከራከሩ የሚውሉ ሰዎች ሦስተኛዪቱን፥ ይኸውም የሁለቱን ተሸካሚ፥ ስለ ምን ይረሷታል?

የጥንት ሰዎች ቅደም ተከተሉን ጡት ማስጣል ፊት፥ መፅነስ ኋላ አድርገው ያስቡት ነበር። በትንቢተ ሆሴዕ የመጀመሪያ ምዕራፍ ጎሜር ሎሩሃማን ጡት ካስጣለች በኋላ ፀንሳ ወንድ ልጅ እንደ ወለደች ተጽፏል። ስለ እስራኤል መፍረስ የሚናገረው መጽሐፍ ይህን ያህል የጓዳ ነገር ማስታወሱ የሚያስደንቅ ነው። የሕፃኗም ስም ምሕረት ያላገኘች ማለት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የአይሁድ ሊቃውንት ደግሞ ባሏ የሞተባት የምታጠባ ሴት ልጇ 24 ወር ሳይሞላው ሌላ ባል እንዳታገባ በታልሙድ ወስነዋል። የፈሩት፥ ብትፀንስ ወተቷ ይበላሻል፥ ሕፃኑም ይጎዳል ብለው ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌንም የምታጠባ ሴት ከወንድ ትራቅ ብሎ ያዘዘው ከዚሁ በማይርቅ አሳብ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ስለ ወተቱ ባሕርይ ተሳስተዋል። የነፍሰ ጡር ወተት መርዝ አይሆንም። ጽንሱ እየገፋ ሲሄድ የእርግዝናው ሆርሞኖች ወተቱን ያሳንሱታል፤ ቆይቶም ወደ እንገር ይለወጣል፥ ጣዕሙም ይለያል። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት ማንም ሳያስገድዳቸው በዚያው ወራት ራሳቸው ይተዉታል፤ አንዳንዶቹ ግን መጠኑ ቢያንስም ጣዕሙ ቢለወጥም አይተዉም። ሕፃን ሲጠባ ማኅፀን ጥቂት መኮማተሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርግዝናው ጤናማ በሆነበት ሴት ይህ ብቻውን ጽንስ እንደሚያስወርድ አልተረጋገጠም። አስቀድሞ ጊዜው ሳይደርስ የወለደች፥ ወይም ደም የሚታያት፥ ወይም መንታ የያዘች ሴት ሐኪም ሳትጠይቅ መቀጠል አይገባትም። የጥንቶቹ ስሕተት እንዲህ ሲሆን፥ በጡት ላለው ሕፃን ጠበቃ ለመቆም መሻታቸው ግን ስሕተት አልነበረም።

የዚህን ነገር ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በአክራ የታየው ነው። አገሩ ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ይባል ነበር፤ በ1957 ነጻ ሲወጣ ጋና ተባለ። በጃማይካ የተወለደችው ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ በዚያ ስትሠራ እግራቸውና እጃቸው ያበጠ፥ ቆዳቸው የተላጠ፥ ጠጕራቸው የቀላ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ያጋጥሟት ነበር። ስለ ሕመሙ በ1933 ጻፈች፤ በ1935ም የጋ ሕዝብ በቋንቋው የሚጠራበትን ስም ክዋሺዮርኮር ብላ ለዓለም ሐኪሞች አስታወቀች። ትርጓሜውም ታናሹ ሲወለድ ከስፍራው የተነሣውን ልጅ የሚይዘው ሕመም ማለት ነው። ሐኪሞቹ በመሣሪያቸው ገና ሳይመረምሩት የአገሩ እናቶች ነገሩን በአንድ ቃል ይዘውት ነበር፤ ሹም ከሹመቱ እንደሚሻር ሕፃኑ ከእናቱ ደረት ተሻረ ማለታቸው ነው።

ይሁን እንጂ ቃሉን በጥንቃቄ መመርመር ይገባል። ሕፃኑን ያሳመመው የወንድሙ መምጣት ነውን? ዊልያምስ እንዳየችው ጡት የተከለከሉት ሕፃናት በወተቱ ፈንታ የሚሰጣቸው የበቆሎ ገንፎ ነበር። ገንፎ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት የሚሰጠውን ሁሉ አይሰጥም። የሕመሙ ምክንያት የፕሮቲን ማነስ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለበት በማለት ሊቃውንት ከእርሷ በኋላ ብዙ ተከራክረዋል፤ ሆኖም ለሕፃኑ ከጡት በኋላ የሚቀርበው ምግብ ደካማ መሆኑ ከነገሩ ውስጥ አልወጣም። እንግዲህ በደሉ ያለው ታላቁ ስፍራ በመልቀቁ አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ከጡት ይወርዳል። በደሉ ያለው ከዚያ ወርዶ የሚቆምበት ስፍራ ሳይዘጋጅለት በመውረዱ ነው። ስለዚህ «ለማን ይሰጥ?» ብሎ ከመፍረድ በፊት «ለሚነሣው ምን ተዘጋጀለት?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል፤ ይህም ጥያቄ የሚቀርበው ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን እንቁላሉን ለገበያ፥ ገንፎውን ለሕፃን ለሚያስቀር ቤተ ሰብ ሁሉ ነው።

ስለ እናቲቱም ሰዎች ጡት እንደ ጕድጓድ ውኃ ነው፥ አንዱ የቀዳው ከሌላው ይጎድላል ብለው ይናገራሉ። ምሳሌው ግማሽ እውነት ነው። ወተት በሕፃኑ መጥባት ይመነጫልና እንደ ጕድጓድ ተቈጥሮ የተቀመጠ አይደለም። ነገር ግን ከየት ይመነጫል ቢሉ ከሥጋዋ ነው። የምታጠባ ሴት ከወትሮዋ በላይ በየቀኑ ወደ 500 ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል፤ ጽንሱ ደግሞ የራሱን ድርሻ ይሻል። በሚገባ የምትበላ ሴት ሁለቱን ትችላለች። የማትበላዪቱ የምትከፍለው ከራሷ አካል ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ልጆች እርስ በርሳቸው የተቃወሙ ይመስላል እንጂ በእውነት ከሁለቱም ፊት የተጎዳችው እርሷ ናት። ማዕድ ሲቀርብ አባት ፊት እናት ኋላ በሚበላበት ቤት «ታላቁን አስጥዪው» ብሎ ማዘዝ የራስን ዕዳ በሁለት ዓመት ሕፃን ላይ መጣል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 የሰበሰባቸው ሊቃውንት ከአንዱ ልደት እስከ ሚቀጥለው ፅንስ ቢያንስ 24 ወር ይሁን ማለታቸውም በእናቲቱና በልጆቿ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አይተው ነው። ቍጥሩ ከታልሙዱ ቍጥር ጋር መግጠሙን ልብ ያለ ሰው ሳይደነቅ አያልፍም።

የቀረው የእሬቱ ነገር ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ሕፃን ምን ያውቃል? ይረሳዋል» ቢል ነገሩ ቀላል አይደለም። የሁለት ዓመት ልጅ ምክንያት መስማት ባይችልም ማመን ግን ያውቃል፤ ያመነውም አንድ ሰው ብቻ ነው። እሬት የተቀባ ጡት ለሕፃኑ የሚነግረው እናቱ ስለ ራሷ ያልተናገረችውን ነው፤ ይኸውም የተከለከለው በእርሷ ፈቃድ ሳይሆን ጡቱ ራሱ ክፉ ሆኖ ነው ማለት ነው። ይህ ታላቅ ኀጢአት ነው ለማለት አይቻልም፤ ብዙ ደጋግ እናቶች ጭንቅ ይዟቸው አድርገውታል። ሆኖም ውሸት መሆኑ አይቀርም። አብርሃም ይስሐቅ ጡት በተወ ቀን ታላቅ ግብዣ አደረገ፤ ሐናም ሳሙኤልን ጡት እስክታስጥለው ድረስ ወደ ሴሎ ሳትወጣ በቤቷ ቆየች። አንዱ በደስታ፥ ሌላዪቱ በትዕግሥት ነበር። ሕመም ወይም ድካም ያስገደዳት እናት ፈጥና ብታስጥልም አትወቀስም፤ ያን ጊዜ ሕፃኑን አቅፋ «አሁን የለም፥ አሞኛል» ብትለው፥ ቢያለቅስም የሚያለቅሰው በእቅፏ ነው።

መቀጠል የቻለችው ግን ስትወልድ እንገሩ አስቀድሞ ለአራሱ ይሰጣል፤ እርሱ ሌላ ምግብ የለውምና በዚህ ላይ ክርክር የለም። ታላቁ ምሳውን በልቶ ይመጣል፤ አጠገቧ ይቀመጣል፤ የወንድሙን ትንንሽ ጣቶች እየነካካ «አለቀ?» እያለ ይጠይቃል።