ለጠላት የቀረበ ማዕድ

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ነገሥት 6፥8-24

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱ። በስልክ የምታነቡም ክፈቱ፤ ፌስቡኩን ግን ለጊዜው ዝጉት።

የሶርያ ንጉሥ ኤልሳዕን ሊይዘው ይፈልጋል። የእስራኤልን ንጉሥ አድብቶ ሊመታ ባሰበ ቁጥር ነቢዩ ቀድሞ ያስጠነቅቅበታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ኤልሳዕ በኋላ ጠላቶቹን ያበላል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ወጥመዳቸውን ይናገራል። ስለዚህ በአሠሪሽ ቤት የምትደበደቢ እህቴ ካለሽ፣ "ፍቅር ነውና ታገሺ" የሚልሽን አትስሚ። ሊረዳሽ ለሚችል ተናገሪ፤ ከዚያ ቤት ውጪ። ጠላትን መውደድ ክፋቱን መሸሸግ አይደለም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ለአንድ ነቢይ ፈረስ፣ ሰረገላና ብዙ ጭፍራ ተላከ! በሌሊት ዶታይንን ከበቡ። ሎሌው ማለዳ ተነሥቶ ሲያይ ተጨነቀ። ኤልሳዕ ጸለየለት፤ ዓይኑ ሲከፈት ተራራው በእሳት ፈረሶችና ሰረገላዎች ተሞልቷል። ወገኖቼ፣ ይህን ዘለን ወደ ግብዣው ብንሄድ ነገሩ አይገባንም። "እኔን ማን ይጠብቀኛል?" እያለ የሚኖር ሰው፣ ጠላቱ እጁ ላይ ሲወድቅ አይለቀውም። ኤልሳዕ ግን ጠባቂው ማን እንደሆነ ያውቃል።

ሶርያውያኑም እጁ ላይ ወደቁ። ማየት ተስኗቸው በኤልሳዕ እየተመሩ ሄዱ፤ ዓይናቸው ሲበራ ሰማርያ መካከል ናቸው። የእስራኤል ንጉሥ ቸኩሏል፤ ልግደላቸው ወይ ብሎ ደጋግሞ ይጠይቃል። ያውም ነቢዩን "አባቴ" እያለ! እኛም አንዳንዴ እንዲህ ነው የምንጸልየው። "ጌታ ሆይ ፍረድልኝ" እንላለን፤ የምንፈልገው ግን "ምታልኝ" ነው። ኤልሳዕ ምግብና ውኃ አቅርብላቸው፣ ከዚያ ወደ ጌታቸው ይሂዱ አለ። ንጉሡ ደግሞ ከተባለው አልፎ ትልቅ ግብዣ አደረገ።

አደጋ ጣዮቹ ከዚያ በኋላ አልመጡም ይላል። እዚህ ላይ "ሃሌ ሉያ" ብለን ብንዘጋ ደስ ባለኝ። ግን ቁጥር 24ን እዩ። ወልደ አዴር ጭፍራውን ሁሉ ሰብስቦ ሰማርያን ከበበ። ያ ግብዣ የዘላለም ሰላም አልገዛም። ይህን የምላችሁ፣ መልካም ያደረጋችሁለት ሰው ተመልሶ ሲነክሳችሁ እግዚአብሔርን እንዳታሙ ነው። ጌታ ኢየሱስም ጠላቶቻችሁን ውደዱ ሲል "ይለወጡላችኋል" አላለም። ምክንያት አድርጎ ያሳየን አባቱን ነው፤ ፀሐዩን ለክፉዎችም የሚያወጣውን።

ከራሴ ልናገር። በስደት አገር ቤተ ክርስቲያን ሲከፈል ያየ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። በዚያ ጊዜ አንድ ወንድም ስሜን በየቤቱ አጠፋው። አራት ዓመት ሰላም አልተባባልንም። የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ሳየው የያዝኩትን በርበሬ አስቀምጬ እወጣ ነበር። አንድ ቀን እናቱ አገር ቤት አረፉ ተባለ። ወረቀቱ ስላላለቀ ለመቅበር እንኳ መሄድ አልቻለም። እኔ ለቅሶ አልደርስም አልኩ። ባለቤቴ መልስ ሳትሰጠኝ ሽሮ ጣደች። ድስቱን ይዤ ደረጃውን ስወጣ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍቅር አልተሰማኝም፤ ይሉኝታ ነው የወሰደኝ። በሩን ከፈተ፣ አየኝ፣ ድስቱን ተቀበለኝ፤ ከጎኑም ቦታ ለቀቀልኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በርበሬዬን ገዝቼ ነው ከሱቁ የምወጣው።

ቅዱሳን፣ አገር ቤት የሚፈሰው ደም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ለይቶናል። ከአምልኮ በኋላ ቡና ሲቀዳ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። እስቲ እንነሣ። አብራችሁት የማትቀመጡትን ሰው ስም በልባችሁ ለጌታ ንገሩት። ቡናው ሳይቀዳ በፊት፣ እንጸልይ።