ዘጠኝ ሰዓት በአርመኖች ገዳም

ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚሄድ ሀበሻ ጎልጎታን፣ ዴር ሡልጣንን፣ ደብረ ገነትንና ቤተ ልሔምን ተሳልሞ ይመለሳል። አርመኖች ሰፈር ጎራ የሚል ብዙም የለም። እኔን የወሰደኝም መንፈሳዊነት ሳይሆን ታሪክ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለፋሲካ መጥተው «አርባ ልጆች» የምንላቸውን ወላጅ አልባ አርመናውያን ሙዚቀኞች ያገኙት እዚያ ባለው የአርመኖች ገዳም ውስጥ ነው። ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም ኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

የገዳሙ የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ለእንግዳ የሚከፈተው በጸሎት ሰዓት ነው፤ የሠርክ ጸሎቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀመራል። ጌታ ነፍሱን የሰጠበት፣ እኛም በጾም ከቅዳሴ የምንወጣበት ሰዓት ስለሆነ ገና ሳልገባ ደስ አለኝ። ደጃፉ ላይ አንድ ወጣት የተንጠለጠለ ሳንቃ በመዶሻ ይመታል፤ ደወል በተከለከለበት ዘመን የተጀመረ ነው። የጣና ገዳማትን የድንጋይ ደወል ለሚያውቅ ጆሮ ግን እንግዳ አይደለም።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ላወልቅ ስል ወጣቱ በእጁ «ተይው» አለኝ። ገባሁ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ እኔ በጫማዬ ቆሜበታለሁ። ነጠላዬን በትክክል አጣፍቻለሁ፣ እግሬ ግን የእኔ አልመስል አለኝ።

ኤሌክትሪክ የለም። ከጣሪያው ቁልቁል የወረዱ የዘይት ቀንዲሎች አሉ፤ በሰንሰለቶቻቸው ላይ ደግሞ እንቁላል የሚመስሉ የሸክላ ጌጦች ተሰክተዋል። እኛ የሰጎን እንቁላል ጉልላት ላይ እንሰቅላለን፣ እነሱ ቀንዲል ላይ። ዐቢይ ጾም ስለነበር የመቅደሱ መጋረጃ ተዘግቷል። በአርመኖች ሥርዓት ጾሙን ሙሉ እንደተዘጋ ይቆያል፤ ሕዝቡ ከገነት እንደተባረረው አዳም ከውጭ ይቆማል ማለት ነው። ጥቁር የለበሱት የገዳሙ ተማሪዎች ልክ እንደ ማኅሌታችን በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቀባበላሉ። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ እኛም በዐቢይ ጾም ስለምናስቀምጣቸው አልጎደለብኝም። የጎደለኝ መቋሚያ ነው። ሰው እንዴት ያለ ምርኩዝ ይቆማል?

አንድም ቃል አልገባኝም። ሲሰግዱ ዘገየሁ፣ ሲነሡ ቀደምኩ። ከግራ ወደ ቀኝ ሲያማትቡ ብቻ እጄ ሳልጠይቀው አብሯቸው ሄደ።

አንዲት ጴንጤ ወዳጄ ሁልጊዜ ትሞግተኛለች፦ «በማይገባሽ ቋንቋ ስትጸልዪ ማን ነው የሚጸልየው?» እኔም ቅዳሴው በአማርኛም አለ፣ አንድምታው አለ፣ ስብከቱ አለ እያልኩ እከላከል ነበር። ያ መልስ እዚያ ቆሜ ሳለሁ ፈረሰብኝ። ከልጅነቴ ያስቀደስኩበትን የግእዝ ተሰጥኦ በቃሌ እወጣዋለሁ እንጂ ቁጭ ብለሽ ፍቺው ብባል ከግማሹ በታች ነው የምፈታው። ስለዚህ አርመኖች ዘንድ ያጣሁት ትርጉም ከሆነ፣ እቤቴም አልነበረኝም። ያጣሁት መቼ እንደምንበረከክ ማወቅን ነው። «ልማድ ብቻ ነው ማለት ነዋ» ትለኝ ይሆናል ወዳጄ። አዎ፣ ልማድ ነው፤ «ብቻ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ልቤ ደንዝዞ ምንም በማይሰማኝ ቀን ከመሬት የሚያነሣኝ ጎኔ ያለው ሰው መነሣቱ ነው። ስሜቴ እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ ስንት ጾም ባለፈኝ።

ሌላም ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም፤ እኔ፣ ጥቂት ቱሪስቶችና ጥግ የተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች። ከተማሪዎቹ ማንም ዞር ብሎ ገብቷቸዋል ወይ፣ ወደውታል ወይ አላለም። ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ተዘጋው መጋረጃ ነው። አዲስ አበባ ላይ የድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ሁሉ ሲያናውጥ ጸሎቱ ለማን እንደሆነ ግራ የሚገባኝ ጊዜ አለ፤ እዚያ ግራ አልገባኝም።

ከአርመኖቹ ጋር በወረቀት አንድ ነን። ሁለታችንም በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ አልተቀበልንም፤ በ1957 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ላይ ጉባኤውን ያልተቀበሉትን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ሲሰበስቡ የአርመኖቹ ካቶሊኮስም መጥተዋል። ወረቀቱ ውስጥ ግን እነሱ ባልቦካ ኅብስትና ውኃ ባልነካው ወይን፣ እኛ በቦካ ኅብስትና በተዘፈዘፈ ዘቢብ እንደምንቀድስ ስንቱ ምእመን ያውቃል? ይህ ለቀሳውስት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለእኔ ለምእመኗ ግን ከጫማው አይበልጥም።

ማታ ደብረ ገነት አንድ አባት አግኝቼ አርመኖቹ ዘንድ መቁረብ እችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «በሃይማኖት አንድ ነን» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ ድሮ፣ የእኛ መነኮሳት በተቸገሩበት ዘመን፣ የዕለት ምግባቸውን ከአርመኖች ገዳም ይቀበሉ እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ፤ ሙሉውንም አውቀዋለሁ፤ አርመኖቹ በሀበሾቹ ላይ የበላይነት ይገባናል ብለው የተሟገቱት በዚያው እንጀራ ሰበብ ነው። ይህን ስላቸው ሳቁ። «የወንድም እንጀራ እንዲህ ነው፤ እየቆጠረ ያበላሻል። ለቁርባኑ ግን ንስሐ አባትሽን ጠይቂ።»