ለሰው ያልተረፈውን ለውሻ?

እናቴ ስኳር ከያዛት 11 ዓመት ሆኗታል። ለዚህም ነው ውሻችን ቡቺ ውሃ ማብዛቱን ከሁላችንም ቀድማ ያየችው። ሳህኑን ልሶ እየበላ ይከሳል፤ ሌሊት ሽንቱን መቋጠር አልቻለም። «ይሄ ውሻ የኔን በሽታ ይዞታል» ስትል ሳቅንባት። የእንስሳት ሐኪሙ ደሙንና ሽንቱን መርምሮ ያለችውን አረጋገጠ።

አንድ ቀን ቡና ላይ ጎረቤታችን «ልጄ፣ ለሰው ያልተረፈውን ለውሻ?» አለችኝ። ደንግጬ ዝም አልኩ። ኢንሱሊን አጥቶ የሚሞት ሰው ባለበት ዓለም ይሄ ተራ ጥያቄ አይደለም።

መጀመሪያ ውለታ ቆጠርኩ። እ.ኤ.አ. በ1889 ስትራስቡርግ ውስጥ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የውሻ ቆሽት ሲያወጡ ውሻውን ስኳር ያዘው። በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግና ቤስት ቆሽታቸው የወጣ ውሾችን ከቆሽት በተገኘ ፈሳሽ አቆዩ፤ ማርጆሪ የተባለችው 70 ቀን ያህል ኖረች። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ ልጅ ተወጋ። የእናቴ መርፌ የመጣው በነዚያ ውሾች ስቃይ ነው።

ግን ራሴን ላታልል አልፈልግም፦ ይሄ ውለታ የማርጆሪ እንጂ የቡቺ አይደለም። አንድ ብልቃጥ ብቻ ቢቀር ለእናቴ ነው፤ አላመነታም። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋም የሰው ልጅ ይቀድማል። በደህናው ጊዜ ግን የቡቺን ወጪ የምችለው ከቅዳሜ መዝናኛዬ ቀንሼ ነው። በዚያ ገንዘብ ቢራ ስጠጣ «ለሰው ያልተረፈውን» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ለጎረቤታችን የመለሰችላት እናቴ ናት፦ «ግቢ ውስጥ የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ሄዶ የሚለምንበት ሌላ ቤት የለው።»

ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም። አቅም ያጣ ሰው ሐኪም አማክሮ ውሻው ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ቢወስን አልፈርድበትም። ነውሩ እያዩ እንዳላየ ማለፍ ነው።

አሁን ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ያንኑ ምግብ በዚያው ልክ ይበላል፤ ከዚያ ሐኪሙ ባዘዘለት መጠን ይወጋል። ካልበላ ሳንወጋው ሐኪሙ ጋ እንደውላለን። ከተንገዳገደ ድዱን ማር ቀብተን ይዘነው እንሮጣለን። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። የራሷን ሰዓት የምትረሳበት ቀን አለ፤ የሱን ረስታ አታውቅም።